ቴምብር ያልተለጠፈበት ደብዳቤ

ቴምብር ስፋቱ ከሁለት ጣት እምብዛም የማያልፍ የወረቀት ቁራጭ ነው። ሕፃናት ስለ ቀለሙና ስለ ሥዕሉ ይወዱታል፤ ነጋዴ ስለ ዋጋው ይመለከተዋል፤ ፖስታ ቤት ደግሞ የመንገድ ኪራይ መከፈሉን ያውቅበታል። ይሁን እንጂ በላዩ ከሚታተመው ሁሉ የሚበልጠው የአገር ስም ነው። ደብዳቤው በየትኛው መንግሥት ግዛት እንደ ተጻፈ የሚመሰክረው እርሱ ነውና፤ አንድ አገር በጦር ኃይል በተያዘ ጊዜ ከሰንደቅ ዓላማው ቀጥሎ ሳይዘገይ የሚለወጠው ቴምብሩ ነው።

በአዳማና በስምጥ ሸለቆው ከተሞች፤ በቢሾፍቱና በሞጆ፤ በመተሐራና በአዋሽ፤ በመቂና በሻሸመኔ፤ ከአያት የቀረ ወረቀት በሣጥን ውስጥ ያኖረ ቤተ ሰብ ዛሬም አይጠፋም። ከወረቀቱ መካከል የኢጣልያ ንጉሥ ምስል ያለበት ቴምብር የተገኘ እንደ ሆነ በቤቱ ክርክር ይነሣል። አንዱ «የጠላት ምልክት ነው፤ ይቃጠል» ይላል። ሌላው «ገንዘብ ያወጣል፤ ይሸጥ» ይላል። ልጁም ከፖስታው ላይ ልጦ በአልበሙ ሊለጥፈው ይቸኩላል። እኛ ከሦስቱ አንዱንም አንመክርም። ምክንያቱን ለመግለጥ ግን ነገሩን ከመሠረቱ ማንሣት ያስፈልገናል።

የኢትዮጵያ የፖስታ ታሪክ ከነጻነቷ ታሪክ ጋር ገና ከጅምሩ የተሳሰረ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ የተነሣው ጠብ፤ ነገሩን ጠጋ ብለን ብናየው፤ የመልእክት ጠብ ነበረ። የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር የሚላላኩትን ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ሊያደርጉት ይቻላቸዋል የሚል ሲሆን፤ የኢጣልያንኛው ግን ይህን እንዲያደርጉ ግዴታ ያገባቸው ነበር። የአንድ አገር መንግሥት ደብዳቤውን በራሱ እጅ መላክ ካልቻለ ነጻ ነው ሊባል አይችልም። ዐፄ ምኒልክ ይህን ተረድተው በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ፤ በዓመቱም በመጋቢት 1886 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም ፈቀዱ። የዐድዋ ጦርነት ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ሰባት ናቸው። በፓሪስ ከተማ ታተሙ፤ ሥዕላቸውንም ያዘጋጀው ኤዥን ሙሾን የተባለው በዘመኑ እውቅ የነበረ ፈረንሳዊ ቀራጭ ነው። ዋጋቸው ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ሲሆን፤ በአነስተኛ ዋጋ በተሸጡት በአራቱ ላይ የዐፄ ምኒልክ ምስል፤ በሦስቱ ላይ ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ይታያል። በ1890ዎቹ አጋማሽ ላይ በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ በአማርኛ ፊደል አንድ ቃል በማኅተም ይመታባቸው ጀመር፤ በመጀመሪያ «ቦስታ»፤ ቀጥሎም «መልክት» የሚል ነበረ። ቴምብር ሰብሳቢዎች እነዚህን ሁለት ቃላት አጥብቀው ይፈልጓቸዋል። እኛ ግን ከዋጋቸው ይልቅ ነገራቸው ደስ ያሰኘናል። ከባሕር ማዶ የመጣው ቃል «ቦስታ» ሆኖ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ «መልክት» የሚለው የአገራችን ቃል ቦታውን ያዘ።

ቃሉ በቴምብር ላይ ከመታተሙ አስቀድሞ ግን ሥራው ነበረ። ደብዳቤ የሚያደርስ ሰው ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዘንግ ራስ ላይ ሰክቶ፤ ከፍ አድርጎ ይዞ ይጓዝ ነበር። ዘንጉን ያየ ሁሉ የመልእክት ሰው መሆኑን አውቆ መንገዱን ይለቅለታል። ደብዳቤውም «ይድረስ ለ» ብሎ ይጀምራል፤ «እንዴት ሰንብተሃል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብሎ ይቀጥላል፤ ጉዳዩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማንበብ የማይችል በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚቀመጥ ደብተራ አቅርቦ ያስነብበዋል። አንዱ የጻፈውን ሌላው ተሸክሞ፤ ሦስተኛው አንብቦ፤ አራተኛው ይሰማዋል። ይህን ሰንሰለት በኋላ ዘመን እንፈልገዋለንና አንባቢ ልብ ይበልልን።

ኢትዮጵያ በዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ደብዳቤ ከኢትዮጵያ ቴምብር ሌላ በጅቡቲ የፈረንሳይ ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ባቡሩ ድሬ ዳዋ በ1895 ዓ.ም.፤ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. ሲደርስ ደግሞ የፖስታ ከረጢት ከሰው ትከሻና ከበቅሎ ጀርባ ወደ ፉርጎ ተዛወረ። አዳማ ከተማ የሆነችው በዚህ ሐዲድ ምክንያት ነው። በዋና ከተማውና በአዋሽ በረሃ መካከል ባቡሩ የሚያርፍባት፤ ከአርሲ ደጋ የሚወርደው እህልና ከጅቡቲ የሚመጣው ሸቀጥ የሚገናኙባት ጣቢያ ሆነች። በዚያ ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው በአዋሽና በድሬ ዳዋ ያድር ነበር፤ የደብዳቤው ከረጢትም እንዲሁ። ከሞጆ ወደ ደቡብ፤ ወደ መቂ፤ ወደ አዳሚ ቱሉና ወደ ሻሸመኔ የሚላክ ግን ከሐዲዱ ወርዶ ነባሩን የእግርና የበቅሎ መንገድ ይይዝ ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ያ የጦርነት ዓመት በኢትዮጵያ ቴምብር ላይ ሁለት ምልክት ትቷል። አንደኛው በ1923 ዓ.ም. በወጡት ቴምብሮች ላይ አዲስ ዋጋ ታትሞ መሸጡ ነው፤ ጦርነት ያለበት አገር በእጁ ባለው ወረቀት ይጠቀማልና። ሁለተኛው ቀይ መስቀል የታተመባቸው ቴምብሮች ናቸው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከተቋቋመ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። እነዚህን ቴምብሮች የገዛ ሰው ከደብዳቤው ኪራይ በላይ ጥቂት ጨምሮ ይከፍላል፤ ጭማሪውም ለቍስለኞች መርጃ ይውላል። ነጻነቷን ይዛ የቆየችው ኢትዮጵያ ከወረራው በፊት ያወጣቻቸው የመጨረሻ ቴምብሮች እነዚህ ናቸው።

ሚያዝያ 24 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ የባቡር መስመር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ደብዳቤ ሲያመላልስ የኖረው ባቡር በዚያ ቀን በሞጆና በአዳማ በኩል ያሳለፈው የአገሩን ንጉሠ ነገሥት ነበረ። በሦስተኛው ቀን፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፤ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ቀን እንቍጠረው። የኢጣልያ ንጉሥ የቪክቶር ኢማኑኤል ምስል ያለበትና በላቲን ፊደል «ኢትዮጵያ» የሚል ስም የተጻፈበት ቴምብር የወጣው ግንቦት 14 ቀን ነው። አሥራ ሰባት ቀን ብቻ! ደጋው፤ ቈላውና ምዕራቡ ገና አልተያዘም፤ ራስ እምሩም ራስ ደስታም ገና ከነጦራቸው ነበሩ፤ የአገሩ መልክ ግን በወረቀት ላይ ተለውጦ አለቀ። በኅዳር 1929 ዓ.ም. የቀሩት ተጨምረው ቴምብሮቹ በጠቅላላው ሰባት ሆኑ፤ እንደ ዐፄ ምኒልክ ቴምብሮች ቍጥር።

በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ለውጥ መጣ። የመጀመሪያው ቴምብር ምንም እንኳ የባዕድ ንጉሥ ምስል ቢኖርበት የኢትዮጵያን ስም አልፋቀም ነበር። አዲሱ ግን «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ብቻ ሆነ፤ ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከኤርትራና ከሶማልያ ጋር ተቀላቅሎ ከቴምብሩ ላይ ጠፋ። በሥዕሎቹም ላይ የሜዳ ፍየል፤ ንስርና አንበሳ፤ የፋሺስትን ዓርማ መሬት ላይ የሚተክል ወታደርም ይታያሉ። ሁለቱን ቴምብሮች ጎን ለጎን አድርጎ ለልጁ ያሳየ ወላጅ የወራሪውን አሳብ በሁለት ወረቀት ማስረዳት ይችላል፤ በመጀመሪያ አገሪቱን ወሰዳት፤ ቀጥሎ ስሟን ወሰደው።

ታዲያ በእነዚያ አምስት ዓመታት ከአዳማ የተላከው ደብዳቤ የማን ነው? በአልበሞች የምናገኛቸውን ፖስታዎች ብንመለከት አብዛኛው የወታደሩ፤ የመንገድ ሠራተኛው፤ የነጋዴው፤ የሹሙ ደብዳቤ ነው። በሮም፤ በሚላኖ፤ በኔፕልስ ለምትኖር እናት ወይም ሚስት የተጻፈ ነው። ፖስታው በአውሮፕላን ሄዷል፤ ሳንሱር ያየውም በላዩ ምልክቱን መትቶበታል። የከተሞቻችን ስም እንኳ እንደ ጣልያን አጠራር ተጽፏል፤ ሻሸመኔ «ሻሻማና» ሆና እናገኛታለን። እነዚህን ፖስታዎች ብቻ ተመልክቶ ስለ ዘመኑ የሚፈርድ ሰው አገሩ ጸጥ ብሎ፤ መንገድ እየተሠራለት፤ ደብዳቤ እየተጻጻፈ ይኖር ነበር ይላል። አልበሙ ሐሰት አልተናገረም፤ የተናገረው ግን የአንዱን ወገን ብቻ ነው።

ሌላው ወገን ይጽፍ ነበር። የአርበኞች አለቆች እርስ በርሳቸው ይጻጻፉ ነበር፤ ጠላት ወዴት እንደ ዘመተ፤ ጥይት የት እንዳለ፤ ማን እንደ ከዳ፤ ማን እንደ ሞተ። ከአዳማ በስተ ሰሜን ያሉት ምንጃርና ቡልጋ የአርበኞች አገር ነበሩ፤ የራስ አበበ አረጋይ ሰዎች ይመላለሱባቸው ነበር። በምዕራብ በኩል በሶዶና በወሊሶ አውራጃ ገረሱ ዱኪ ነበሩ። በመካከሉ ያለው ሐዲድ፤ በሐዲዱም ላይ ያሉት ጣቢያዎች በጠላት እጅ ናቸው፤ አርበኞች አደጋ ስለሚጥሉበትም በብርቱ ይጠበቅ ነበር። በበረሃውና በከተማው መካከል የሚያገናኝ ፖስታ ቤት አልነበረም። የነበረው ገበያ ነው፤ እረኛ ነው፤ መነኩሴ ነው፤ እንስራ ተሸክማ የምትወርድ ሴት ናት። ያንን የቀድሞውን ሰንሰለት ያስታውሷል፤ አንዱ ይጽፋል፤ ሌላው ይሸከማል፤ ሦስተኛው ያነባል። አሁን ግን የተሰነጠቀው ዘንግ የለም። መልእክተኛው ዘንጉን ከፍ አድርጎ ቢይዝ የሚጠብቀው ጥይት ነውና ወረቀቱ ወደ ልብስ እጥፋት፤ ወደ እህል ስልቻ ወረደ።

በከተማ ተቀምጠው ለአርበኞች የሚሠሩት የውስጥ አርበኞች ይባሉ ነበር። ከእነርሱ መካከል የወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ስም በታሪክ የታወቀ ነው። ከአዲስ አበባ ገንዘብ፤ ልብስ፤ መድኃኒትና ወሬ ወደ በረሃ ይልኩ ነበር፤ ተይዘው ብዙ ሥቃይ ተቀበሉ፤ አዚናራ ወደምትባለው የኢጣልያ ደሴትም ተጋዙ፤ ከግዞት ሲመለሱም ያንኑ ሥራ ቀጠሉ። የእርሳቸውን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር ልብ እንላለን። በዚያ ሥራ ውስጥ መልእክት ሁሉ በወረቀት አይላክም ነበር። ወረቀት ከተያዘ የጻፈውንም፤ የተሸከመውንም፤ የተጻፈለትንም ያስገድላል። ስለዚህ ብዙው ነገር በቃል ይላካል፤ ተቀባዩም መልእክተኛውን የሚያምነው አስቀድሞ በተነጋገሩበት ምልክት ነው። የተጻፈውም ከተነበበ በኋላ መጥፋት ነበረበት። ከተነበበ በኋላ የተቃጠለ ደብዳቤ ሥራውን ፈጽሟል፤ ለቴምብር ሰብሳቢ ግን የሚቀርለት ነገር የለም።

በዚህ ነገር የእኛ ሁኔታ ከሌላው ዓለም በጥቂቱ ይለያል። በ1936 ዓ.ም. ክረምት በፖላንድ ዋና ከተማ በዋርሶ ሕዝቡ በጀርመን ላይ ሲነሣ፤ የስካውት ልጆች በከተማው ውስጥ የራሳቸውን ፖስታ አቋቁመው በጥይት መካከል ደብዳቤ ያደርሱ ነበር። ደብዳቤው ከ25 ቃል እንዳይበልጥ ተደንግጎ ነበር፤ ማኅተምም ቴምብርም ነበረው። በአየርላንድ ደግሞ ከነጻነቱ ጦርነት በኋላ በ1914 ዓ.ም. አዲሱ መንግሥት በእንግሊዝ ንጉሥ ቴምብር ላይ የራሱን ስም አትሞ ሸጠው፤ ቀይ የነበረውንም የፖስታ ሣጥን አረንጓዴ ቀባው። እነዚህ ሁሉ ዛሬ በአልበም ውስጥ ይታያሉ። የዋርሶው ትግል ግን በአንድ ከተማ ውስጥ ሆኖ ከ63 ቀን አላለፈም። የእኛው አምስት ዓመት ሙሉ በገደልና በጫካ የተካሄደ ስለ ሆነ ማኅተሙ የአለቃው ማኅተም፤ ቴምብሩም የመልእክተኛው ነፍስ ነበረ።

ሁሉም ግን አልጠፋም። ከአርበኞች ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ባዝ ከተማ በስደት ለነበሩት ንጉሠ ነገሥት የተላኩ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ በሱዳን በኩልና በሌላም መንገድ ወጥተው ከደረሱት አንዳንዶቹ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ሕይወታቸው በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ገብተው ይነበባሉ። በ1931 ዓ.ም. አቶ ሎሬንሶ ታእዛዝ በስውር ጎጃም ገብተው አርበኞችን አነጋግረው ተመልሰዋል፤ እርሳቸው ራሳቸው ደብዳቤ ሆነው ሄዱ ብንል አያሳፍርም። ኢጣልያም ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ወደ ዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። የስዊዝ መንገድ ስለ ተዘጋባቸው የጣልያኖቹ ደብዳቤ በአውሮፕላን ብቻ የሚሄድ ጥቂት ነገር ሆነ። የኢትዮጵያውያን መልእክት ግን አሁን ከሰማይ ይወርድ ጀመር፤ በካርቱም የታተመው የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ከአውሮፕላን ተበተነ፤ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣም እዚያው እየታተመ ይላክ ነበር። ያንን ወረቀት ከመሬት አንሥቶ ማንበብ የቻለ ላልቻለው አነበበለት። ሰንሰለቱ ዳግመኛ ተቀጠለ።

በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከሐረርና ከድሬ ዳዋ በኩል የመጣው የእንግሊዝ ጦር፤ አፍሪካውያን ወታደሮቹን ይዞ፤ አዋሽ ደረሰ። ጣልያኖች ድልድዩን ሰብረውት ነበር። ይሁን እንጂ ጦሩ ወንዙን ተሻግሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአዳማ በኩል አልፎ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ለአዳማ ሰዎች ጦርነቱ በዚህ አላበቃም፤ ወደ አርሲ የሚወስደው የመልካሳ ድልድይ ከከተማው ሩቅ አይደለም፤ በዚያ ላይ ጠላት ቆሞ ተዋግቷል። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በአዲስ አበባ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉም በሐይቆቹ አገር ገና ተኵስ ነበር፤ ሻሸመኔ የተለቀቀችው ግንቦት 6 ቀን ነው።

የእንግሊዝ ጦር የራሱን የጦር ሜዳ ፖስታ ቤት ይዞ ይዞር ነበር። በዚያ ማኅተም ላይ የከተማ ስም አይጻፍም፤ ቍጥር ብቻ ነው፤ ጠላት ጦሩ የት እንዳለ እንዳያውቅ። በዚህም ምክንያት ነጻ በወጡበት ሰሞን ከስምጥ ሸለቆው ከተሞች የተላከ የወታደር ደብዳቤ እጅ ቢገባ ከየት እንደ ተነሣ ሊነግረን የሚችለው ደብዳቤው ራሱ እንጂ ማኅተሙ አይደለም። በዚያው ዓመት በኢጣልያ የሂትለርና የሙሶሊኒ ምስል ጎን ለጎን የሆነበት ቴምብር በምሥራቅ አፍሪካ ስም ታተመ። ግዛቱ ከእጃቸው እየወጣ ቴምብሩ ይታተማል! በ1928 ዓ.ም. ወረቀቱ ጦሩን ቀድሞ ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ወረቀቱ ከጦሩ ኋላ ቀረ።

ኢትዮጵያ ዳግመኛ የራሷን ቴምብር ያወጣችው መጋቢት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ሦስት ብቻ ናቸው፤ የ4፤ የ10 እና የ20 ሳንቲም፤ በላያቸውም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል አለ። ሥራቸው ቀላል፤ ጌጣቸውም ጥቂት ነው፤ ከሙሾን ሥራ ጋር ሲተያዩ ድኾች ይመስላሉ። እኛ ግን ከአልበሙ ውስጥ አንድ ገጽ ምረጡ ብንባል ይህን እንመርጣለን። ጥቅምት 23 ቀን 1936 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በሚያዝያ 27 አደባባይ ስለሚገኘው ሐውልት መታሰቢያ፤ በነበሩት ቴምብሮች ላይ ቀኑ ታትሞባቸው ወጡ።

እንግዲህ ወደ ሣጥኑ እንመለስ። የጠላት ቴምብር ነው ብሎ የሚያቃጥል ሰው ጠላትን አልጎዳም፤ የአገሩ ስም መቼ እንደ ተፋቀ የሚያሳየውን ምስክር ግን አጠፋ። ለመሸጥ የሚቸኩለው ደግሞ ብዙ ገንዘብ እንዳይጠብቅ እንነግረዋለን፤ በ1928 ዓ.ም. የወጣው የኢጣልያ ቴምብር በብዛት የታተመ ስለ ሆነ ለብቻው ርካሽ ነው። በአንጻሩ ያው ቴምብር ከነፖስታው፤ ከነማኅተሙ፤ ከነአድራሻው ሲገኝ፤ በተለይም ማኅተሙ የትንሽ ከተማ ሲሆን፤ ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ልጆች ቴምብሩን ከፖስታው ላይ እንዳይልጡ፤ በመቀስም ዙሪያውን እንዳይቈርጡ ወላጆች ይጠንቀቁ። አስቀድሞ የተቈረጠ ከሆነ ግን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አኑሮ ወረቀቱ በራሱ እስኪለቅ መታገሥ፤ በወረንጦ ማውጣት፤ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ በንጹሕ መምጠጫ ወረቀት ላይ ማድረቅ ይገባል። ጥርሱ አንድ እንኳ የጎደለ ቴምብር ግማሽ ክብሩን ያጣልና በጣት መጎተት የለበትም።

ሙጫና የሚጣበቅ ፕላስቲክ ወረቀትን በጊዜ ብዛት ያበላሻሉ፤ አይንኩት። ወረቀትን የሚጎዳው ብልና ምስጥ፤ በክረምትም ከወለል የሚወጣ እርጥበት ነው። ሣጥኑን ከመሬት ከፍ አድርጎ ከግድግዳ ማራቅ፤ በዓመት አንድ ጊዜም በደረቅ ቀን ገልጦ ማየት ይበቃል። አዲስ አበባ ለሚሄድ ቤተ ሰብ ከዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ያለውን የፖስታ ሙዚየም እንዲጎበኝ እንመክራለን፤ ከዐፄ ምኒልክ ጀምሮ የወጡትን በተራ ያያቸዋል።

በቤት የሚዘጋጅ አልበም ላይ ግን ሙዚየሙ የሌለውን ነገር መጨመር ይቻላል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ክፍል የኢጣልያኑ ቴምብር በግራው ገጽ ሲቀመጥ፤ የቀኙ ገጽ ባዶ ይቅር። በዚያ ባዶ ገጽ ላይ ልጁ ከአያቱ፤ ከጎረቤት ሽማግሌ፤ ከሚያውቀው መነኩሴ የሰማውን ይጻፍበት፤ በቤታችን ደብዳቤ የተሸከመ ማን ነበረ? ከየት ወደ የት? በምን ውስጥ ደብቆ? ዘመኑን በዓይናቸው ያዩት ሰዎች እጅግ አንሰዋል፤ ከእነርሱ የሰሙትም እያረጁ ነው። ከአንድ ቤት አንድ መስመር ብቻ ቢገኝ እንኳ ይጻፍ፤ የተናገረው ሰው ስምና የተነገረበት ቀን ከሥሩ ይቀመጥ።

የከተማውን ስም በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። አዳማ ከነጻነት በኋላ ናዝሬት ተባለች፤ በ1992 ዓ.ም. ገደማ ወደ ቀደመ ስሟ ተመለሰች። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተብላ ነበር፤ ዝዋይም ዛሬ ባቱ ትባላለች። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ፈዝዞ የማይነበብ ፖስታ ሲገኝ የከተማው ስም ዘመኑን በግምት ይነግራል። ማኅተሙ ጨርሶ ካልተነበበ ደግሞ ስለ ፖስታው በቤት የሚታወቀውን ሁሉ በጀርባው ጥግ ላይ በለስላሳ እርሳስ፤ ሳይጫኑ፤ መጻፍ ነው፤ ቀለም ወደ ፊት ገጽ ሠርጎ ያልፋልና።